በሕግ የሌለችው ደብሪቱ

ይህን ወሬ ያቀበለችኝ ከአጥሬ ማዶ ያለችው እትዬ አሰገደች ናት። እሷ ከአክስቷ ሰማችው፤ አክስቷ ደግሞ ከአማቷ። አሰገደች አትዋሽም፣ ትጨምራለች እንጂ። የጨመረችውን ላወጣ ብሞክር ወሬው በእግሩ አልቆም ስላለኝ እንዳለ ተውኩት። አገሩ የት ነው ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ። እኔም ጠይቄያት፣ "አንቺ ደግሞ! አገሩ ምን ያደርግልሻል? ሰዎቹን አታውቂያቸውም?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ።

አንድ ሰፊ ሐይቅ ነበረ። ከሐይቁ ማዶ ንጉሥ፣ ከወዲህ አምስት ሰፈር። አምስቱ ሰፈሮች ለማዶው ንጉሥ ሲገብሩ ኖሩ። ግብር ሲጨምርባቸው ዝም አሉ። ዓሣቸውን ሲወስድ ዝም አሉ። በኋላ ግን በንጉሡ ግብዣ ላይ የእነሱ ሽማግሌዎች ሁልጊዜ በሩ ሥር፣ አጥንት ከሚጠብቁት ውሾች ጋር እንደሚቀመጡ አንዱ ልብ አለና ለሌሎቹ ነገረ። ያን ጊዜ ደም ፈላ። ተነሡ፣ ተዋጉ፣ አሸነፉ። የንጉሡም ሰው ጥላውን አጥፎ ጀልባው ላይ ወጣ።

በድሉ ማግስት ተሰብስበው፣ "ከእንግዲህ በዚህ አገር ፊተኛ የሚባል ሰው አይኖርም" ብለው ሊምሉ ተስማሙ። መሐላው ግሩም ነበር። ማን ቀድሞ ይማል በሚለው ላይ ግን አንድ ክረምት አለቀ። የአገሩም ስም እንዲሁ ሆነ። እያንዳንዱ ሰፈር በእኔ ስም ትጠራ ስላለ፣ ለጊዜው "ስሟ በውይይት ላይ ያለች አገር" ተባለችና ለጊዜው እንደተባለች ቀረች። ማዕረግ ሁሉ ተሻረ፤ ሰው ወንድምና እኅት ብቻ ይባል ተባለ።

የጋራ አዳራሽ መሥራት ሲመጣ ሁሉም "እኛ ሰፈር ይሁን" አሉ። ቀጥለው "እኛ ጋ ካልሆነ እናንተም ጋ አይሆንም" ተባባሉ። ስለዚህ ማንም የማይፈልገውን ቦታ ፈልገው፣ ከብት እንኳ የማይወርድበት ረግረግ መሀል ሠሩት። ያልተጠየቁት እንቁራሪቶቹ ብቻ ናቸው። አዳራሹ አምስት በር አለው፤ ለየሰፈሩ አንድ። አምስቱ ሽማግሌዎች በየበራቸው ይቆማሉ፣ ከበሮ ይመታል፣ እኩል ይገባሉ። የአንዱ እግር ከቀደመ ሁሉም ይወጡና እንደገና ይገባሉ። አንዳንድ ቀን ሲገቡ ሲወጡ ይውሉና "ስብሰባው በመግባባት ተጠናቀቀ" ተብሎ ይታወጃል።

ሰብሳቢ የግድ ስላስፈለገ ጦሩን የመራውን ወንድም ገላግሌን መረጡት። ገላግሌ የሚፈልገው ወደ በሬዎቹ መመለስ ብቻ ነበር። "ሥልጣን የማይፈልግ ሰው አገኘን!" ብለው ደስ አላቸውና አልለቅ አሉት። እንዳይነግሥባቸው ደግሞ በርጩማውን አሳጠሩበት፤ ረጅም ሰው ስለሆነ ሲቀመጥ ጉልበቱ ከጆሮው እኩል ይሆናል። ሰው ሁሉ አንተ እንዲለውም ደነገጉ። ሰው ግን እናቱ ቀጥታ ያሳደገችው ነው፤ ያን ሽበታም አንተ ማለት ከአፉ አልወጣ አለ። ሕጉን መጣስም ያስፈራል። ስለዚህ ጉዳይ ያለው ሁሉ ገላግሌን ትቶ አጠገቡ ያለውን ምሰሶ ማነጋገር ጀመረ። "አንተ ምሰሶ፣ ጎረቤቴ ድንበሬን ገፋብኝ" ይላል ባለጉዳዩ። ገላግሌም ለምሰሶው ይመልሳል። ሥራው እንዲህ ተለመደ።

ይህን ሁሉ የሚያስከብረው የእኩልነት ሹሙ ወንድም እንግዳሸት ነው። እንግዳሸት በማዶው ንጉሥ ዘመን የግብዣ አጋፋሪ ነበር። ማን ከማን በላይ ይቀመጥ እያለ ሲያሰልፍ የኖረ ሰው፣ አሁን በዚያው ወኔ ማንም ከማንም በላይ እንዳይቀመጥ ያሰልፋል። በገመዱ በርጩማ ይለካል፣ ዋንጫ ይለካል። ሰላምታ እንኳ አያልፈውም፤ "ለእሷ ደኅና አደርሽ፣ ልጆች ደኅና፣ ከብቱ ደኅና ብለሽ፣ ለዚችኛዋ ደኅና አደርሽ ብቻ? ከብቱን መልሺ!" ይላል። በዚያ አገር ከሰው ሁሉ ቀድሞ አዳራሽ የሚገባ እሱ ብቻ ነው፤ አለዚያ እንዴት ይለካል?

እንግዲህ ወደ ደብሪቱ ልምጣ። ደብሪቱ የቄጠማ ሰፈር ሴት ናት፤ ሐይቁ ዳር ያለችው። የአዳራሹን ወጥ ቤት የምትመራው እሷ ነበረች፤ ሥራው ደግሞ ለጠላት አይስጥ። ወጡ ከአምስቱም ሰፈር በመጣ ሽንኩርት፣ በመጣ በርበሬ ይሠራል። ሽማግሌዎቹ ገበታውን ከበው እጃቸውን አንስተው ይጠብቃሉ፤ ከበሮ ሲመታ ሁሉም እኩል ይጎርሳሉ። አንዱ ቸኩሎ ከጎረሰ የጎረሰው ይተፋና እንደገና ይጀመራል። ደብሪቱ በዚህ ትስቅ ነበር። ሳቋ ረግረጉን ይሻገራል ይባል ነበር። ባሏ ጓንጉል ከተወሰደ ወዲህ ግን የሳቀችበትን ቀን ያየ የለም።

ጓንጉል ዓሣ አጥማጅ ነው። የማዶው ንጉሥ በጦርነቱ ቢሸነፍም ሐይቁን አልለቀቀም። ትልልቅ ጀልባዎቹ ዓሣ አጥማጆቹን እየከበቡ፣ "የተወለዳችሁት በእኔ ዘመን ነው፣ ስለዚህ የእኔ ናችሁ" እያሉ ይይዙና መቅዘፊያ ላይ ያስቀምጧቸዋል። ጓንጉልም አንድ ጠዋት ወጣ፤ መረቡ ተንሳፎ ተገኘ፣ እሱ አልተገኘም። ከየሰፈሩ ብዙ ወንድ እንዲሁ ሄደ። የጎረቤቷ የትርንጎ ባልም ከነሱ ጋር ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ከማዶ ወሬ መጣ። ንጉሡ በሌላ ወገን ጦርነት ገጥሞት ከእነዚህ ጋር መታረቅ ፈልጓል። ባላምባራስ ዝቅአርጋቸው የሚባል መልእክተኛ የተያዙትን ሰዎች በጀልባ ይዞ ይመጣል። ግን አንድ ነገር ብሏል፤ "ንጉሤን የሚመጥን አቀባበል ካየሁ አስረክባለሁ። ካላየሁ እንደያዝኳቸው እመለሳለሁ።"

ደብሪቱ ይህን ስትሰማ በእጇ የያዘችውን ሽንኩርት ጣለችና ወደ ትርንጎ ቤት ሮጠች።

"ትርንጎ! ሊመጡ ነው!"

"እነማን?"

"ባሎቻችን ናቸዋ!"

ትርንጎ ትንሽ አሰብ አደረገች። "የእኔም አብሮ ነው?" አለች።

"አብሮ ነው እንጂ!"

"እሱን እዚያው ቢያቆዩትስ? ቀዘፋ ተስማምቶት ይሆናል።"

"አፈር ብዪ!" አለቻት ደብሪቱ።

አዳራሹ ግን ተናወጠ። እንግዳው በየትኛው በር ይግባ? ደብሪቱ ወጥ ቤት ሆና ሁሉንም ትሰማለች።

"በእኛ በር ይግባ" አለ የላይ በር ሰፈር ሽማግሌ።

"አሃ! እናንተ ከንጉሡ ጋር ድሮም ውስጥ ውስጡን ናችሁ!" አለ የሰርዶ ሜዳው።

"እንግዲያው በእናንተ በር ይግባ።"

"እኛን ከሃዲ ልታሰኙ ነው?"

"ስድስተኛ በር እንክፈትለታ" አለ የገደሎው።

እንግዳሸት ገመዱን አናወጠ። "ስድስተኛ በር ማለት ስድስተኛ ሰፈር ማለት ነው! ንጉሡን አባል ልታደርገው ነው ወይ ወንድም?"

"በመስኮት ቢገባስ?"

"ባላምባራስ በመስኮት! የሰውዬውን ሆድ አይተሃል?"

ደብሪቱ ድስቱን አውርዳ ብቅ አለች። "ወንድሞቼ፣ ደጅ ላይ ዛፍ ሥር ብንቀበለውስ?"

"ዛፉ በማን ሰፈር ወሰን ነው?" አለ እንግዳሸት።

ዛፉ የማን እንደሆነ ሲከራከሩ ሰነበቱ። ደብሪቱ ደግሞ ሐይቁን እያየች ሰነበተች። በመጨረሻ ገላግሌ ጉልበቱን ከጆሮው አውርዶ ለምሰሶው፣ "ምሰሶ ሆይ፣ በር የሚያጣላን ግድግዳ ስላለ አይደለም?" አለ። እሱስ በምሬት ነው የተናገረው። ሰዎቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ። እንግዳሸት ዓይኑ በራ። "ግድግዳ ከሌለ በር የለም! በር ከሌለ ፊተኛ የለም!"

ያን ያህል ዘመን ሲጣሉ የሠሩትን አዳራሽ ሳይጣሉ አፈረሱት። በዚያ አገር ታሪክ አምስቱ ሰፈሮች በአንድ ልብ የሠሩት ሥራ ያ ብቻ ነው ትላለች አሰገደች። ግድግዳው ወረደ፣ ጣሪያው ወረደ፤ የገላግሌ ምሰሶ ብቻ ቀረ፤ እሱ ከወደቀ ባለጉዳይ ማንን ያነጋግራል?

እንግዳው የመጣው በዝናብ ነው። ባላምባራስ ዝቅአርጋቸው ጥላ የሚይዙለት ሁለት አሽከሮች አስከትሎ፣ ጫማው ጭቃ ጠጥቶ፣ ከጀልባው እስከ ረግረጉ እያነከሰ ደረሰ። እግሩን የሚያመው ሰው ነበር። ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ፍርስራሽ መሀል፣ ዝናብ እየወረደባቸው፣ እኩል ቆመዋል። ደብሪቱም፣ በቃ ተናደደ፣ ሊመለስ ነው አለች በሆዷ።

"ቤታችሁ ምን ሆነ?" አለ ዝቅአርጋቸው።

ሁሉም ዝም አሉ፤ ማን ቀድሞ ይመልስ?

ደብሪቱ ወጥ ቤቱ ከነበረበት ጥግ፣ "ለእርስዎ ብለን አፈረስነው፣ ጌታዬ" አለች። እውነቷንም ነው።

ሰውዬው ዙሪያውን አየ። የወደቀውን ሳር፣ የተከመረውን ግንድ አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ብዙ አገር ዞሬአለሁ" አለ። "ምንጣፍ አንጥፈውልኛል። በሬ ጥለውልኛል። ለእኔ ብሎ ቤቱን ያፈረሰ ግን አላየሁም። ንጉሤም ይህን ሲሰማ ይደሰታል።"

እንግዳሸት በኩራት ገመዱን ጠቀለለ። ደብሪቱም ከስንት ጊዜ በኋላ ልትስቅ ምንም አልቀራት።

"እንግዲህ ሰዎቻችሁን ልስጣችሁ" አለ ዝቅአርጋቸው። "ወደ ጀልባው እንውረድ።"

ወረዱ። ጀልባው ሐይቁ ዳር ቆሟል። ሰዎቹ መቅዘፊያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል፣ ጠቁረዋል። ደብሪቱ ጓንጉልን በጆሮው አወቀችው፤ የተቆለመመ ጆሮ ነው ያለው። ከጀልባው እስከ መሬት አንድ ጠባብ ሳንቃ ተዘርግቷል።

"ማን ነው የሚረከበኝ?" አለ ዝቅአርጋቸው።

"ሁላችንም" አሉ ሽማግሌዎቹ።

"ሁላችሁም አይሆንም። አንድ ሰው ሳንቃውን ተራምዶ ይምጣና እጄን ይምታ። ንጉሤ ለእገሌ አስረከብኩ እንድለው ነው የሚፈልግ። ለሁሉም ሰጠሁ ብለው ለማንም አልሰጠህም ይለኛል።"

ሽማግሌዎቹ ሳንቃውን አዩ። ሳንቃው አንድ እግር ብቻ ነው የሚይዝ። ፈቀቅ ብለው ስብሰባ ተቀመጡ። ወንበር ስለሌለ ጭቃ ላይ እኩል ቁጢጥ አሉ።

"ገላግሌ ይሂድ" አለ አንዱ።

"ገላግሌ ከሄደ ነገሠ!"

"እኔ እንኳ በሬዎቼ ጋ ብሄድ ነው የምመርጥ" አለ ገላግሌ። ምሰሶው አጠገቡ ስላልነበረ ማንም አልሰማውም።

እንግዳሸት መላ አመጣ። "ሳንቃው ይስፋ! አምስቱ ጎን ለጎን እንዲሄዱ። ከየሰፈሩ እኩል እንጨት ይቆረጥ።"

"የእኛ ሰፈር ዛፍ የለውም" አለ የሰርዶ ሜዳው።

"እንግዲያው የሁሉም ሰፈር ዛፍ እንደሌለ ይቆጠራል።"

ዝቅአርጋቸው ሰማዩን አየ። "ነፋሱ ሊዞር ነው" አለ። "ጀልባዬ በማታ ነፋስ አይሄድም። ጨርሱ፣ አለዚያ መቅዘፊያ አስነሣለሁ።"

ጓንጉል ከጀልባው ተጣራ። "ደብሪቱ!"

"አቤት!"

"ምን እያደረጉ ነው?"

"ስብሰባ ላይ ናቸው!"

"ስለ ምን?"

"ስላንተ!"

"ታዲያ እኔን ይጠይቁኛላ!"

"አንተ አልተጋበዝክም!"

ከጀልባው ሳቅ ተነሣ። የትርንጎ ባል፣ "ትርንጎ አለች?" ብሎ ጠየቀ። "አለሁ!" አለች ትርንጎ ከሩቅ፤ ግን አልተጠጋችም።

ሽማግሌዎቹ እንጨቱን ትተው፣ መጀመሪያ መወያየት ያለብን ስለ እንጨት ነው ወይስ ስለ ሳንቃ በሚለው ላይ ገቡ። ዝቅአርጋቸው እጁን አነሣ። ቀዛፊዎቹ መቅዘፊያቸውን ውኃ ውስጥ አስገቡ። የጓንጉልም እጅ ከነሱ ጋር ወደ ውኃው ወረደ፤ ደብሪቱ ይህን አየች። የገዛ ባሏ ራሱን ከእሷ ሊያርቅ ሊቀዝፍ ነው።

ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ሳንቃው ላይ ወጣች።

"እኅት ደብሪቱ!" አለ እንግዳሸት ከጭቃው ተነሥቶ። "ማንን ቀድመሽ ነው?"

"ጓንጉልን" አለች ሳትዞር።

ዝቅአርጋቸው አያት። "አንቺ ማን ነሽ?"

"ሚስቱ ነኝ።"

"ሚስት አልጠየቅኩም። ተረካቢ ነው የጠየቅኩ። አገርሽን ወክለሽ ነው የመጣሽ?"

ደብሪቱ ወደ ኋላ ዞረች። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን እያወናጨፉ፣ አይደለችም እንዳይሉ ማን ቀድሞ ይበል ብለው እርስ በርስ ይተያያሉ። ከዚያ ወደ ጓንጉል ዞረች። ጓንጉል መቅዘፊያውን ከውኃው አወጣ።

"አዎ፣ ወክዬ ነው" አለች፤ የሰውዬውንም እጅ ጠፍ አድርጋ መታች።

አንዱ አሽከር ጥላውን አስቀምጦ በትልቅ ድምፅ፣ "ስሟ በውይይት ላይ ያለችው አገር ገዢ እመቤት ደብሪቱ ሰዎቿን ተረከበች!" ብሎ አወጀ። ሰዎቹ በሳንቃው ወረዱ። የትርንጎ ባል ሮጦ ትርንጎን አቀፋት፤ እሷም፣ "ከስተህ የለም እንዴ!" ብላ አለቀሰች፤ ሴት አይደለች። ጀልባው ሄደ።

በማግስቱ ደብሪቱ ተከሰሰች። ክሱ ቀላል ነው፤ ነግሣለች። አዳራሹ ስለፈረሰ ፍርዱ የተያዘው ምሰሶው ዙሪያ ነው።

"በአዋጅ ገዢ ተብለሻል፤ አላስተባበልሽም" አለ እንግዳሸት።

"ባሌን ሳወርድ ነው የዋልኩት፣ መቼ ልንገሥ?"

"ከሳንቃው እስከ መሬት ነግሠሻል።"

"እሱን ያህል ከሆነ ግብሩን ማን ሰበሰበልኝ?"

የተመለሱት ሰዎች ሚስቶች ሳቁ። እንግዳሸት ግን አልሳቀም። እዚህ ላይ ትልቅ ጣጣ ተፈጠረ። ነገሠች ካልን ንጉሥ ኖሮናል ማለት ነው፤ መሐላችን ፈረሰ። አልነገሠችም ካልን ርክክቡ ሐሰት ነው፤ ንጉሡ ሰዎቹን መልሱ ይለናል። ሽማግሌዎቹ ወጥ የሚሠራላቸው ስላልነበረ በባዶ ሆዳቸው ብዙ ቀን ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ እንግዳሸት ራሱ መውጫውን አገኘ። ደብሪቱ ነግሣለች፤ ግን ደብሪቱ የለችም። ንጉሥ የለንም፣ ርክክቡም ጸና። ይህን ሁሉም ወደዱት። ከበሮ ተመታ፣ አምስቱ ሽማግሌዎች እኩል "የለችም!" አሉ።

"ቆሜ እያያችሁኝ?" አለች ደብሪቱ።

ማንም አልመለሰላትም። ለሌለ ሰው መልስ አይሰጥም።

ቤቷ ገባች። ጓንጉል እሳት ዳር ተቀምጦ እግሩን ያሞቃል። "ምን አሉሽ?" አላት።

"የለሽም አሉኝ።"

"ከፋሽ ታዲያ?" አለ ጓንጉል። "እኔን የንጉሡ ነህ ሲሉኝ ኖሩ፤ የለህም ቢሉኝ በወደድኩ።"

ነገሩ ግን በቀልድ አላበቃም። በሕግ የሌለች ሚስት ያለው ሰው በሕግ የሞተችበት ነው። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው ሊያስተዛዝኑት መጡ። ደብሪቱ በር ከፈተችላቸው፤ በሩ በነፋስ እንደተከፈተ ሁሉ ገቡ። የእጅ ውኃ አፈሰሰችላቸው፣ ገበታ አቀረበች።

"አይዞህ ጓንጉል" አለ የላይ በሩ እየጎረሰ። "እግዜር ያጽናህ። ደግ ሴት ነበረች።"

"ባልትናዋስ!" አለ የሰርዶ ሜዳው።

"ጨምርበት" አለችው ደብሪቱ።

ሰውዬው ጨመረ። ዓይኑን ግን ወደ ጣሪያው አደረገ።

እንግዳሸት ጉሮሮውን ጠራረገ። "ወንድም ጓንጉል፣ ወንድ ብቻውን አይኖርም። አንዲት የላይ በር ልጅ አለች።"

"ለምን የላይ በር?" አለ የገደሎው። "የእኛስ ልጆች ምን አነሳቸው?"

"ከአንድ ሰፈር ብቻ ቢያገባ ያ ሰፈር በለጠ ማለት ነው" አለ እንግዳሸት እያሰበ። "ከአምስቱም አንድ አንድ ያግባ።"

ጓንጉል እጁን ከገበታው አነሣ። "እኔ ያለችኝ ትበቃኛለች።"

"የለችህም እኮ።"

"ታዲያ ይህን ወጥ ማን ሠራው?"

እንግዳሸት አፉን ሞልቶ፣ "ስለ ወጡ ሕጉ የሚለው የለም" አለ።

ደብሪቱ በሩ ሥር ቆማ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሁሉንም በሳቅ ይዛው ነበር። አሁን ግን ሳቋ አለቀ። ከሐይቁ መሀል አውጥታ ያመጣችውን ሰው ከገዛ ገበታዋ ላይ ሊወስዱባት ነው፤ እሷስ ምን ብላ ትሟገታለች? አቤት ብትል የሚሰማ የላት።

ጓንጉል ተነሣና አጠገቧ ሄዶ ቆመ። "ጥሩ" አለ። "እኔም የለሁም በሉኝ።"

ሽማግሌዎቹ መጉረሳቸውን አቆሙ።

"እሱ አይቻልም" አለ እንግዳሸት።

"ለምን? ለእሷ ስትሰጡ ለእኔ የምትከለክሉ፣ እሷ ከእኔ በልጣ ነው? እኩል አይደለንም?"

እንግዳሸት ገመዱን አወጣ፤ የሚለካው ግን አላገኘም። ሹመቱን ካገኘ ጀምሮ እኩል እኩል ሲል የኖረ ሰው ምን ይበል? አንድ ሳምንት ታመመ አሉ። በሳምንቱ ከበሮ ተመታና ጓንጉልም የለም ተባለ።

ወዲያው ሰው ነቃ። የሌለ ሰው አዳራሹን መልሶ ለመሥራት ረግረግ ድፈን ተብሎ አይጠራም። የሌለ ሰው ስብሰባ አይቀመጥም። የሌለ ሰው ጎረቤቱን የፈለገውን ያህል ሰላም ቢል የሚለካው የለም። መጀመሪያ የትርንጎ ባል መጣ፤ ትርንጎም "እኔን ጥለህ የት ልትጠፋ!" ብላ ተከተለችው። ከዚያ የተመለሱት ሰዎች ሁሉ ከነሚስቶቻቸው፤ ከዚያ የሚስቶቻቸው ዘመዶች። ምሰሶው ዙሪያ ሰልፉ ረዘመ፤ አንዱ አንዱን "አንተ ቅደም"፣ "የለም አንቺ ቅደሚ" ይባባላል። ለአንዱ የተሰጠ ለሌላው አይከለከልምና ከበሮ መቺው ሲመታ ይውላል። ኋላ ከበሮ መቺውም አመለከተ።

የሌሉት ሰዎች ከደብሪቱ ቤት አጠገብ፣ ሐይቁ ዳር ቤት ሠሩ። የንጉሡ ጀልባ በመጣ ቁጥር እጅ የምትመታው ደብሪቱ ሆነች፤ ንጉሡ ሌላ ሰው አላውቅም ብሏላ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ሲያስደነግጣቸው የለችም ያሉትን ሊሽሩ ፈለጉ። ለመሻር ግን አምስቱም ሰፈር እኩል መናገር አለበት፤ የቄጠማው ሽማግሌ ደግሞ የለም ከተባለ ቆይቷል። ሕጉም እንዳለ ቆመ።

እንግዳሸት ረግረጉ ላይ ቀረ፤ አዳራሹን ሊያሠራ ሲለካ ወባ ገደለው። ገላግሌ የለሁም ለማለት ተሰልፎ ነበር፤ ሰብሳቢ ከሌለ ማን ይፈቅዳል ተብሎ ተመለሰ፤ በሰብሳቢነቱ አረጀ፣ በሬዎቹንም ልጆቹ ሸጡ። ባላምባራስ ዝቅአርጋቸው ማዶ ተመልሶ ቤታቸውን አፈረሱልኝ ያለውን ንጉሡ አላመነውም፤ ከሥልጣኑ ወርዶ ንብ ሲያነብ ኖረ። ትርንጎና ባሏ እንደተጣሉ ስድስት ልጅ ወለዱ። ጓንጉል ዳግመኛ መቅዘፊያ አልያዘም፤ ከዳር ቆሞ መረብ እየጣለ ኖረና በአንድ ክረምት በሳል ሞተ። ደብሪቱ ከእሱ በኋላ ብዙ ቆየች፣ ሞተች። አምስቱም ሰፈር መቃብሯ እኛ ጋ ነው ይላል።